ሊብሬው በማን ስም ነው?

የሩዋንዳ የታችኛው ምክር ቤት 80 መቀመጫዎች አሉት። እ.አ.አ. በ2024 በተካሄደው ምርጫ 51ዱን ሴቶች ያዙት። በዓለም ላይ በዚህ የሚስተካከላቸው የለም። ከምክር ቤቱ ደጃፍ ወጥታችሁ የኪጋሊን ጎዳና የሚሞሉትን የታክሲ ሞተሮች ብትቆጥሩ ግን የምታገኙት ቁጥር የተጻፈበት ሰደርያ የለበሰ፣ ለተሳፋሪው ትርፍ ሄልሜት ያንጠለጠለ ወንድ ነው። ሴት ሞተረኛ አልፎ አልፎ ትታያለች፤ ስትታይም መንገደኛው ዞር ብሎ ያያታል። ሕግ ማውጣት ሰው ከማመላለስ ቀሎ ተገኘ።

ሩዋንዳን ለማማት አይደለም ይህን ያነሳሁት። ኪጋሊ ውስጥ እ.አ.አ. ከጥር 2025 ወዲህ አዲስ የሚመዘገብ የታክሲ ሞተር በኤሌክትሪክ የሚሠራ ብቻ እንዲሆን ተወስኗል። ይህ ማለት ሥራው በሙሉ እንደ አዲስ ሊገዛ፣ ሊበደሩለትና ሊዋዋሉበት ነው። አንድ ሙያ እንዲህ ከሀ ተነስቶ የሚጀመርበት ጊዜ በሰው ዕድሜ ብዙ አያጋጥምም። ስለ ባትሪውና ስለ ፍጥነቱ ብዙ ተወርቷል። እኔን የሚያሳስበኝ ሊብሬው በማን ስም እንደሚወጣ ነው።

እስቲ መጀመሪያ አሮጌው ሥራ ሴትን እንዴት እንዳስቀራት እንይ። ሠፈር ውስጥ ወንድ ልጅ ሞተር የሚለምደው ማሠልጠኛ ገብቶ አይደለም። መጀመሪያ የጎረቤቱን ሞተር ያጥባል። ከዚያ «እስቲ ወደ ጥላው አስጠጋት» ይባላል። ሲሰነባብት አመሻሽ ላይ ኮብልስቶኑ ላይ አንድ ዙር ይፈቀድለታል፤ ይወድቃል፣ ጉልበቱ ይላጣል፣ ይሳቅበታል፣ ይነሳል። መንጃ ፈቃድ የሚያወጣው ከለመደ በኋላ ነው። እህቱ በዚያው ሰዓት ጓዳ ሽንኩርት ትከትፋለች። «አትንጂ» ያላት ሰው የለም፤ «ነይ፣ ሞክሪ» ያላትም የለም።

ቀጥሎ ጋራዡ ይመጣል። የቤንዚን ሞተር አመሉ ብዙ ነው፤ ካንዴላው ይቆሽሻል፣ ካርቡራተሩ ይደፈናል፣ ፍሪሲዮኑ ያልቃል። ይህን የሚያውቀው ሰው የሚገኘው ወንዶች በርጩማ ላይ ተኮልኩለው በሚቀላለዱበት ቦታ ነው። የትኛው ዕቃ ኦርጅናል እንደሆነ፣ ዋጋው ስንት እንደሆነ፣ ማን እንደሚያጭበረብር የሚታወቀው በጨዋታው መሐል ነው። ከጨዋታው ውጭ የሆነ ሰው ሁልጊዜ ከፍሎ ነው የሚማረው።

ከጋራዡ የሚብሰው ደግሞ ተራው ነው። ናይሮቢን የሚያውቅ ሰው የቦዳ ቦዳ፣ ማለትም የሞተር ታክሲ፣ ተራዎችን ጉልበት ያውቃል፤ ማን ይቆማል፣ ማን ይጭናል፣ ማን ይባረራል የሚለውን የሚወስኑት እዚያ የቆዩት ናቸው። እ.አ.አ. በመጋቢት 2022 ሞተረኞች አንዲት መኪና የምታሽከረክር ሴትን ከብበው ሲተናኮሏት የሚያሳይ ቪዲዮ ወጥቶ ኬንያ ተናውጣ ነበር። ፕሬዚዳንት ኡሁሩ ኬንያታም ዘመቻ አዘዙ። ብዙ ሰው የተነጋገረው መኪናዋ ውስጥ ስላለችው ሴት ነው። ለእንጀራዋ ብላ ከእነዚያ ሞተረኞች አጠገብ ሞተሯን ልታቆም ስለምታስብ ሴት ግን ብዙም አልተወራም።

የኤሌክትሪክ ሞተር ከእነዚህ ሁሉ እንቅፋቶች አንዳንዱን ያነሳል፤ ሁሉንም አይደለም። አብዛኞቹ ካምቢዮም ፍሪሲዮንም የላቸውም፤ በእግር ተረግጠው አይነሱም። ዘይት አይቀየርላቸውም፣ ማርሚታ የላቸውም። ከጋራዥ ጋር የሚያገናኛቸው ጎማ፣ የፍሬን ሸራና ጥቂት የኤሌክትሪክ ጉዳይ ነው። ያ አዲሱ የኤሌክትሪክ ዕውቀት ደግሞ የማንም የአባት ርስት አይደለም፤ ያረጀው መካኒክም የትናንቷ ተመራቂም እኩል ጀማሪ ናቸው። ቤንዚን ፍለጋ ሌሊት ማደያ መሰለፍ፣ ሲጠፋም ከመንገድ ዳር በሃይላንድ የሚሸጠውን በእጥፍ መግዛት ቀረ ማለት ነው። በተለይ ይህ የሌሊቱ ሰልፍ ለሴት ምን ማለት እንደሆነ የሚገባው ይገባዋል።

አምፐርሳንድ የተባለው ኩባንያ እ.አ.አ. ከ2019 ጀምሮ ኪጋሊ ውስጥ ያስለመደው አሠራር ደግሞ ባትሪውን ከሞተሩ ለያይቶታል። ነጂው ሞተሩን ይገዛል፤ ባትሪው የኩባንያው እንደሆነ ይቆያል። ሲያልቅ ጣቢያ ጎራ ብሎ ያለቀውን ያስረክባል፣ የተሞላ ተገጥሞለት ይወጣል፤ ሁለት ደቂቃ ያህል ቢፈጅ ነው። የሚከፍለው ለተጠቀመው ኃይል ነው። የኤሌክትሪክ ሞተር ዋጋ ዋናው ሸክም ባትሪው ስለሆነ ይህ ዘዴ የመግዣውን ዋጋ ያወርደዋል። ቤት ወይም መሬት አስይዞ መበደር ለማይችል ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ግን ውሉን እናንብበው። በብዙ ቦታ እነዚህ ሞተሮች የሚገዙት በየቀኑ ወይም በየሳምንቱ በሚከፈል ዕዳ ነው። ካልተከፈለ ሞተሩ ከርቀት የሚቆለፍበት አሠራርም አለ። የሒሳቡን ስሌት ያወጣው ሰው በልቡ የሳለው የማይታመም፣ የማይወልድ፣ ልጁ ሌሊት ትኩሳት ተነስቶበት የማያድር ነጂ ነው። አንዲት ሞተረኛ ስትወልድ ምን ይሆናል? ሴት ልጅ ብትወልድ፣ በእኛ በኢትዮጵያ ኦርቶዶክሶች ባህል ክርስትናዋ በሰማንያ ቀን ነው። እናትየው ከአራስ ቤት ስትወጣ የሰማንያ ቀን ክፍያ ተጠራቅሞ ይጠብቃታል፤ ሞተሩም ተቆልፎ ወይም ተወስዶ ይሆናል። «በወሊድ ጊዜ ክፍያው ይቆማል፣ የዕዳው ዘመን በዚያው ልክ ይራዘማል» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ውሉ ውስጥ ማስገባት ኩባንያውን አያከስረውም። ሴቶችን እናበረታታለን የሚል ድርጅት ሲያጋጥመኝ መጀመሪያ የማየው ይህ ዓረፍተ ነገር መኖር አለመኖሩን ነው። ሮዝ ቀለም የተቀባ ሞተርና ለፎቶ የተደረደሩ ሮዝ ሄልሜቶች ልቤን አይሞሉትም። ደግሞ ሮዝ የሚለውን ማን ወሰነው?

ወደ ሊብሬው ልመለስ። ቤሩት፣ ጅዳ፣ ኩዌት በሰው ቤት ስትሠራ የኖረች ልጅ የላከችው ገንዘብ ስንት ባጃጅ እንደገዛ የማያውቅ ኢትዮጵያዊ የለም። ባጃጁ በወንድሟ ስም ይገዛል፤ «እሷ እዚያ ሆና እንዴት ትፈርማለች» ተብሎ። ወንድሟ ያገባል፣ ባጃጁ ያረጃል፣ ይሸጣል። ልጅቷ ስትመለስ የሚጠብቃት ምሳ፣ ቡናና «አይ ጊዜ» ነው። ክፉ ወንድም ስለሆነ ላይሆን ይችላል፤ ወረቀቱ የሱ ስለሆነ ግን ውሳኔውም የሱ ነበር። ቤተሰብ ውስጥ ወረቀት ማንሳት ነውር ይመስለናል፤ ነውሩን ሁሌ የሚከፍለው ግን አንድ ወገን ነው።

ወረቀት ነገር እንደሚለውጥ የምናውቀው ደግሞ ከራሳችን ነው። በአማራ ክልል ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ የገጠር መሬት ይዞታ ደብተር ሲሰጥ የባልም የሚስትም ስም ገባ፤ የሁለቱም ፎቶ ተለጠፈ። ማረሻው ከወንዱ እጅ አልወጣም። መሬቱን ለማከራየት ወይም ሲፋቱ ለመካፈል ግን ፎቶዋ ደብተሩ ላይ ያለ ሴት ከቤት ውጪ ቁጭ ብላ ወሬ የምትጠብቅ አልሆነችም። ለሞተርም የምመኘው ይህን ነው።

ስለዚህ አንዳንዶች ቅር ሊላቸው የሚችል ነገር ልበል፦ ሴቷ የግድ ራሷ መንዳት የለባትም። መንዳት የፈለገች ትንዳ፣ መንገዱም ይጠረግላት። ግን ሁለት የኤሌክትሪክ ሞተር በስሟ ያላት፣ ለነጂዎች ሰጥታ ማታ ማታ ገቢ የምትቀበል ሴት ከነጂዋ ያነሰ አቅም የላትም። የባጃጅ ባለቤቶች ለስንት ዓመት የኖሩበት አሠራር እኮ ነው። የሴቶች ዕቁብ በተራ ለአባላቱ ሞተር ቢያወጣ ከብዙ ፕሮጀክት ይሻላል፤ ዕቁብተኛ አራስን ይታገሣል፣ ዳኛዋም ትታወቃለች። የምፈራው ተቃራኒውን ነው፤ ሴቶች ባትሪ ጣቢያ ላይ በደሞዝ ቆመው ባትሪ እየለወጡ፣ ሞተሩም ትርፉም የወንድ ሆኖ እንዳይቀር። ያ ከሆነ ሴቶች የሚያስተናግዱበትን፣ ትርፉ ግን የወንድ የሆነበትን ቡና ቤት በሌላ ስም ከፈትነው።

አዲስ አበባ በዚህ ጉዳይ ላይ እንግዳ ቦታ ላይ ነች። ከሰኔ 30 ቀን 2011 ዓ.ም. ጀምሮ ከተማዋ ሞተር ሳይክልን ከለከለች፤ ልዩ ፈቃድ ያላቸው ብቻ ቀሩ። ምክንያት የተባለው በሞተር የሚፈጸም ዝርፊያ ነበር። ብዙ ወጣት እንጀራው ተቆረጠ፣ ያንን አልረሳም። ሳይታሰብ የመጣ ውጤትም አለ፤ አዲስ አበባ እንደ ናይሮቢ ያለ፣ ተራ ይዞ «ይህ የኛ ነው» የሚል ሥር የሰደደ የሞተር ታክሲ ማኅበር የላትም። ሞተር እዚህ የሚሠራው በአብዛኛው ዕቃና ምግብ ማድረስ ነው። በጥር 2016 ዓ.ም. መንግሥት የነዳጅ አውቶሞቢል ወደ ሀገር እንዳይገባ መወሰኑን አሳወቀ። ዶዳይን የመሰለ ኩባንያም የኤሌክትሪክ ሞተር እዚሁ እየገጣጠመ መሸጥ ጀምሯል። ሜዳው ገና ባዶ ነው ማለት ነው። ታክሲ በስልክ የሚጠራበትን ራይድን የመሠረተችውም ሳምራዊት ፍቅሩ ናት፤ ማታ ከሥራ ወጥቶ ታክሲ መያዝ የሚያመጣው ስጋትና የዋጋ ክርክር ሐሳቡን እንደጫረባት ተናግራለች። ሥራ ያቀናችው ሴት ሆና መሪውን የያዘው አሁንም በአብዛኛው ወንድ መሆኑን ግን ማንም ያያል።

እዚህ ላይ ባለሙያዎች የማያነሱት አንድ ነገር አለ፤ አከራይ። ግቢ ውስጥ አንድ ክፍል ተከራይታ የምትኖር ልጅ ቆጣሪ የላትም። አከራዮቿ ምጣድ እንድትሰካ አይፈቅዱም፤ ካውያ ስትሰካ ያጉረመርማሉ፤ አምፖል ከመሸ አራት ሰዓት በኋላ ሲበራ ያንኳኳሉ። እሷ ናት እንግዲህ «ሞተርሽን ማታ ቤትሽ ቻርጅ አድርጊ» የምትባለው። ቤት ላለው ሰው ሶኬት ላይ መሰካት ምቾት ነው። ለተከራይ ግን የባትሪ መለወጫ ጣቢያ ከሌለ ሞተሩ ከነጭራሹ የለም። ጣቢያ የሚሠራበትን ቦታ የሚመርጥ ሰው ቦሌን ብቻ ሳይሆን የካ አባዶን፣ ኮዬ ፈጬን፣ ጀሞን ያስብ።

ጣቢያው ሲሠራ ደግሞ ሽንት ቤት ይኑረው። ቀኑን ሙሉ መንገድ ላይ የሚውል ወንድ ግንብ አይጠፋለትም። ሴቷ ግን ውኃ ሳትጠጣ ትውላለች፤ በጠራራ ፀሐይ፣ ሄልሜት ውስጥ። ጎዳና ላይ የሚውሉ ሴቶችን፣ ትራፊክ ፖሊሶችንም ጠይቁ። ሞተረኛ በቀን ውስጥ የግድ የሚደርስበት ቦታ ቢኖር ያ ባትሪ መለወጫ ነው። በር የሚዘጋ ሽንት ቤት፣ ማታ የሚበራ መብራት፣ አንድ ዘበኛ። ከባትሪዎቹ ዋጋ አንጻር ይህ ወጪ አይባልም።

ስለ ጭሱም ትንሽ ልበል። አዲስ አበባን የሚያጥናት ከሞተር ይልቅ አሮጌው ሚኒባስ፣ አይሱዙና ሲኖትራክ ነው፤ ሞተር ብቻ ኤሌክትሪክ ቢሆን ሰማዩ አይጠራም። ይሁንና ጭሱ ለሁሉም እኩል አይደርስም። ታክሲ ተራ አጠገብ ጉልት ዘርግታ፣ ልጅ አዝላ፣ ከጭስ ማውጫው ትይዩ ቁጭ ብላ የምትውለው ማን እንደሆነች እናውቃለን። የእኛ መብራት ደግሞ ከሞላ ጎደል ከውኃ ነው የሚመጣው፤ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የሕዳሴ ግድብ ብቻውን 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው። ሩዋንዳ ከኪቩ ሐይቅ ሥር የሚወጣ ጋዝ ጭምር አቃጥላ ነው መብራት የምታገኘው። በዚህ በኩል እኛ እንሻላለን፤ መብራቱ ካልጠፋ።

አሁን ዓረብ ሀገር ልትሄድ የተመዘገበች ልጅ ቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ ገብታ ምንጣፍ በማሽን ማጽዳት፣ ልብስ መተኮስ፣ ሕፃን መያዝ ትሠለጥናለች፤ ተመዝና የብቃት ማረጋገጫ ትይዛለች። ሥርዓቱ ተዘርግቷል፣ አሠልጣኙ አለ፣ ግቢው አለ። እዚያው ግቢ ውስጥ ሞተር መንዳትና ባትሪ መመርመር የሚማሩበት ሌላ ክፍል ይከፈት፤ ግቢው ሰፊ ነው፣ ወድቆ ለመነሳትም ይበቃል። ልጅቷ በሁለቱ በሮች መካከል ቆማ ትምረጥ። ለጉዞ የምትበደረውን ገንዘብ ለሞተር ቅድመ ክፍያ የሚያበድራት ሰው ካገኘች፣ ውሉ ላይ የምትፈርመውም ራሷ ትሁን።