ታቦር ሥር አሮጌ ቤት፦ ከግድግዳው በፊት ሰፈሩን ይዩ

ሐዋሳን የሚያውቋት ለሽርሽር በመምጣት ከሆነ የሚያስታውሱት ሐይቁን፣ የአሞራ ገደልን ትኩስ ዓሣና ትርፍራፊ የሚሻሙትን አባ ኮዳዎች ይሆናል። ምናልባትም ልጆችዎን ይዘው ታቦር ተራራ ላይ ወጥተው፣ ባንድ ወገን ከተማዋን በሌላ ወገን ሐይቁን እያዩ ፎቶ ተነሥተዋል። እኔና ባለቤቴም ከተማዋን መጀመሪያ ያወቅናት እንደዚሁ ነው። በኋላ ሥራ አመጣንና አራት ዓመት ተከራይተን ኖርንባት። ባለፈው ዓመት ግን ወደ ታቦር የሄድነው ለመናፈስ አልነበረም። ቤት ልንገዛ ነው።

ገንዘቡ የሰባት ዓመት ቁጠባችን፣ የሁለት ዙር ዕቁብና ከአባቴ የአዲስ አበባ ቤት የደረሰኝ ድርሻ ነው። እናቴም ከእኛ ጋር ልትኖር ወስናለች። ከተሳሳትን ሌላ የምንሞክርበት ገንዘብ የለንም። ምናልባት እርስዎም አሁን እዚያው ቦታ ላይ ቆመው ይሆናልና ያየነውን ላጫውትዎ።

ለምን ታቦር?

ሐዋሳ የተቆረቆረችው በ1950ዎቹ መጀመሪያ ነው። ለጥ ያለ መሬት ላይ በፕላን በመሠራቷ መንገዶቿ ሰፊና ቀጥ ያሉ ናቸው፤ ለብስክሌት ትመቻለች የሚባለውም ለዚህ ነው። ታቦር ከስምንቱ ክፍለ ከተሞቿ አንዱ ሲሆን ስሙን ከተራራው ይጋራል። በ2008 ዓ.ም. የኢንዱስትሪ ፓርኩ ሲመረቅ ብዙ ሠራተኛ ወደ ከተማዋ ገባ። በ2012 ዓ.ም. ደግሞ የሲዳማ ክልል ሲመሠረት ሐዋሳ መቀመጫው ሆነች። ኪራይ ፈላጊው በረከተ፤ አዲስ የሚሠራው ቪላና ጂ ፕላስ ዋን እንደ እኛ ላለ ደመወዝተኛ የሚቀመስ አልሆነም።

ለእኛ የተረፈን መካከለኛው ነው። ከሃያና ከሠላሳ ዓመት በፊት በእንጨትና በጭቃ ተሠርቶ በሲሚንቶ የተለሰነ፣ ቆርቆሮ የለበሰ፣ ከጓሮው ሰርቪስ ክፍሎች ያሉት ቤት። ያየነውም እንደዚያ ያለ ነው፤ ሁለት መቶ ካሬ ግቢ፣ ሳሎንና ሦስት መኝታ፣ አንድ ትልቅ አቮካዶ። ሳሎኑ ሴራሚክ ተነጥፎለታል፤ ኮርኒሱ በጂፕሰም ተውቧል፤ ቀለሙ ገና ይሸታል። ልጃችን ገና ከመግባቷ አቮካዶው ላይ ወጣች። ባለቤቴ ዞር ብላ ስታየኝ ልቧ ቤቱ ውስጥ መቅረቱ ገባኝ።

ዕቃውና መደርደሪያው

የምተዳደረው በገበያ ሥራ ነው። በእኛ ሙያ አንድ ዕቃ ከተቀመጠበት መደርደሪያ ተነጥሎ አይመዘንም፤ ያው ሳሙና እንደተደረደረበት ሱቅ ዋጋው ይለያያል። ቤትም እንደዚያው ነው። ልዩነቱ ሳሙናውን ማንሣት ሲቻል ቤቱን ከሰፈሩ ማንሣት አለመቻሉ ነው።

ደላላው የጠራልን ዋጋ የሴራሚኩንና የጂፕሰሙን ወጪ ያካተተ ነበር። እኛ ደግሞ በዚያው መንገድ ላይ ያሉትን ቤቶች ቆጠርን፤ አሥራ አራት ናቸው። ሦስቱ በቅርብ እንደተሸጡ ከባለ ሱቁ ሰማንና በስንት እንደሄዱ ገዢዎቹን ጠየቅን። ሁለቱ ነገሩን። ለእኛ የተጠራው ዋጋ ከሁለቱም በብዙ ይበልጣል። ከጎረቤቶቹ ሁሉ ያማረ ቤት የሚገዛ ሰው፣ ነገ ሲሸጠው ገዢው የሚያስበው የሰፈሩን ዋጋ መሆኑን መርሳት የለበትም። የሰፈሩ ዋጋ ነው ቤቱን የሚጎትተው። እርስዎም የቤቱን ዋጋ ከመከራከርዎ በፊት የመንገዱን ዋጋ ይወቁ።

አራት ጊዜ ይሂዱ

ደላላ የሚወስድዎ ቅዳሜ ከሰዓት፣ ፀሐይ ስትወጣ ነው። እርስዎ ግን በራስዎ ሰዓት ደግመው ይሂዱ።

በሥራ ቀን ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ሄድን። ከቤቱ እስከ ኮብልስቶኑ በእግር አራት ደቂቃ ነው፤ ባጃጅ ወዲያው ተገኘ። ለልጃችን ትምህርት ቤት ጥሩ ነው። ለእናቴ ጉልበት ግን ኮብልስቶን እስኪደረስ ያለው ኮረኮንች ያሳስባል።

ማታ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ሄድን። የመንገድ መብራት በግማሹ ብቻ ይበራል፤ ይሁንና ጉልት የያዙ እናቶች ገና አልተነሡም፤ ልጆች ኳስ ይጫወታሉ። ሰው በሚታይበት መንገድ ላይ ሰው አይፈራም። ትንኙ ግን ብዙ ነው። ሐዋሳ ወባ የሚያውቃት ከተማ ናትና የተኛ ውሃ የት እንዳለ ማየት አስፈላጊ መሆኑን ያን ማታ አሰብን።

አራተኛውን ጊዜ የመረጠልን ዝናቡ ነው።

የቡሄ ሳምንት

ቡሄ ካለፈ ክረምቱም አለፈ ይባላል። ቡሄ ባለፈ በሦስተኛው ቀን ግን ታቦር ራስ ላይ የተቋጠረው ደመና አንድ ሰዓት ሙሉ ወረደ። ጃንጥላ ይዘን ሄድን። ተራራው ያልጠጣው ውሃ አሸዋና ፌስታል እየገፋ በመንገዱ ይወርዳል። ሦስተኛው ቤት ጋ ሲደርስ ቦዩ ያልቃል፤ ውሃው ወደ ግራ ታጥፎ እኛ የወደድነው ቤት በር ላይ ይቆማል።

ከፊት ለፊቱ ቤት አንዲት እናት ከበረንዳቸው ጠሩን። ከዝናቡ አስጠልለው ቡና አፈሉልን።

“ልጆቼ፣ ሶፋውን ፈቀቅ አድርጋችሁ አይታችኋል?” አሉ።

“አላየንም እማማ።”

“እዩት እንግዲህ። እኔ ክፉ አልናገርም፤ ሰውየው ደግ ጎረቤቴ ነው። ውሃውም ጥፋት የለበትም። መንገዱን ነው የዘጉበት።”

በማግስቱ አስፈቅደን ሶፋውን ፈቀቅ አደረግን። ከአዲሱ ቀለም ሥር፣ ከወለሉ አንድ ስንዝር ከፍ ብሎ ቡናማ መስመር ይታያል። በቁልፌ ነካ ሳደርገው ልስኑ ተፈረፈረ። ባለቤቴ ምንም አልተናገረችም፤ ልጃችንን ከአቮካዶው አወረደቻት። ያን ሌሊት ሁለታችንም አልተኛንም።

የሚጠገነውና የማይጠገነው

ጠዋት ላይ አንድ ወረቀት ለሁለት ከፈልን። በአንድ ወገን ራሳችን የምንጠግነውን፣ በሌላው ብቻችንን የማንጠግነውን ጻፍን። ይህን ወረቀት እርስዎም እንዲሞክሩት እመክራለሁ።

ግድግዳው ይጠገናል። የጭቃ ቤት ጠላቱ እርጥበትና ምስጥ ነውና፣ ከደላላው ጋር ዝምድና የሌለው አናጺ ከፍለን ወሰድን። ማገሩንና ምሰሶውን በመዶሻ አንኳኳ፤ ከታች የበሰበሱትን ቆጠረ፤ በድንጋይ መሠረት ለማንሣት የሚፈጀውን ጻፈልን።

ውሃው ይታሰብበታል። ግቢው የጉድጓድ ውሃ አለው ተብሎ እንደ ትርፍ ተነግሮን ነበር። የስምጥ ሸለቆ የከርሰ ምድር ውሃ ግን በብዙ ቦታ ፍሎራይድ ይበዛበታል፤ የልጆችን ጥርስ የሚያበልዘው እሱ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ያስቀመጠው ወሰን በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ሲሆን ማፍላት ፍሎራይዱን አያስወጣውም። ሳያስመረምሩ ለመጠጥ አይቁጠሩት። እኛ የቧንቧ ቆጣሪውንና ሮቶውን ብቻ ዋጋ ሰጠናቸው።

ካርታው ይጣራል። ቦታው ነባር ይዞታ ነው። በ2004 ዓ.ም. የወጣው የከተማ ቦታ ሊዝ አዋጅ ቁጥር 721፣ ነባር ይዞታ ላይ ያለ ቤት ከውርስ በቀር በሌላ መንገድ ሲተላለፍ ገዢው ቦታውን በሊዝ እንደሚይዝ ደንግጓል። ብዙ ገዢ ይህን የሚሰማው ከፈረመ በኋላ ነው። አስቀድመው መሬት አስተዳደር ሄደው ዛሬ የሚሠራበትን ስሌት ይጠይቁ፤ ከዕዳና ከእገዳ ነፃ መሆኑን በጽሑፍ ይቀበሉ። ውሉም በመንደር ምስክር ብቻ እንዳይቀር፤ የፍትሐ ብሔር ሕጋችን አንቀጽ 1723 የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በጽሑፍ ሆኖ በፍርድ ቤት ወይም በአዋዋይ ፊት እንዲደረግ ያዛል። ሻጩ ባለ ትዳር ከሆነ ሁለቱም ይፈርሙ።

በሌላው ወገን ግን አንድ ነገር ብቻ ቀረ፤ ቦዩ። ቦዩ የአንድ ቤት ሳይሆን የአሥራ አራት ቤት ነው። የምንገዛው ቤቱን ብቻ ከሆነ ውሃው በየክረምቱ ይገባል። አሥራ ሦስቱ ጎረቤቶች ቦይ ለመክፈት ካልፈለጉ ቤቱ በግማሽ ዋጋም ቢሆን ውድ ነው።

ስለዚህ ከሻጩ በፊት ሰፈሩን አነጋገርን። ቡና ያፈሉልን እናት ወደ እድሩ ዳኛ ወሰዱን። እሑድ ከእድር በኋላ ተናገርን፤ ገና ነዋሪ ባንሆንም አዳመጡን። ዘጠኝ አባወራ ለማዋጣት ተስማማ። ሁለቱ እናስብበት አሉ። አጥራቸው ቦዩ ላይ የተሠራባቸው ሁለት ቤቶች ግን ዝም አሉ።

ከዚያ ሻጩ ጋ ሄድን። ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። የአናጺውን ወረቀት አሳየኋቸውና፣ “ጋሼ፣ ይህን ከዋጋው ካልቀነሱልን አንችልም” አልኩ። ብዙ ዝም አሉ።

“ቀለሙን ቀባው ያሉኝ ልጆቼ ናቸው” አሉ በመጨረሻ። “ውሃውን ግን ሃያ ዓመት በመጥረጊያ ስመልሰው ነው የኖርኩት። ይህን ሳልነግራችሁ ብሸጥ እንቅልፍ አይወስደኝም ነበር።” ከጠሩት ዋጋ አንድ ስድስተኛውን ቀነሱ። ዋጋው ከጎረቤት ቤቶቹ በታች ሆነ፤ የሚቀረው ለመሠረቱና ለቦዩ በቃ።

ገዛነው።

ሁለት አጥር

አሁን መጋቢት ነው። እናቴ ጠዋት ጠዋት አቮካዶው ሥር ትቀመጣለች፤ ከፊት ለፊቷ ጎረቤት ጋር ቡናው በተራ ሆኗል። ግድግዳው ከሥሩ በድንጋይ ተነሥቷል፤ ሴራሚኩ ሁለት ቦታ ተሰንጥቋል፣ አልነካነውም። ቦዩ ከላይ ተጀምሮ ወደ ታች እየመጣ ነው። ዝም ካሉት ሁለት ቤቶች አንደኛው ባለፈው ሳምንት አጥሩን በራሱ እጅ ገፋ አደረገ። ሌላኛው ገና ነው። ቅዳሜ ባለቤቴ ዳቦ ይዛ ልትጠይቃቸው አስባለች፤ ስለ ቦዩ ሳታነሣ፣ እንደ ጎረቤት ብቻ።

ደመናው ታቦር ላይ መቋጠር ጀምሯል።