ወደ ማን ይመለስ?

ሚያዝያ 29 ቀን 2016 ዓ.ም.፣ የፋሲካ ማክሰኞ። አስኮ መናኸሪያ አባዱላ ውስጥ ተቀምጬ ሰው እስኪሞላ እጠብቃለሁ። ረዳቱ «አምቦ የሞላ! አምቦ የሞላ!» ይላል፤ መኪናው ግን ግማሹ ባዶ ነው። የገባነውም በዶሮ ወጥና በእንቅልፍ እጦት ዝለናል።

ከኋላዬ የተቀመጠ ወጣት ስልኩን እያየ ለጓደኛው፣ «ካሪዬም ወደ መስጊድነቱ ተመለሰ» አለው። ከፊት ወንበር ነጭ ጥምጣም ያሰሩ ቄስ ሳይዞሩ፣ «ተመለሰ ነው ያልከው ልጄ? ተወሰደ በል እንጂ» አሉ።

«አባ፣ እኔ የተጻፈውን ነው ያነበብኩት» አለ ልጁ በትሕትና። ስሙን ረዳቱ ሲጠራው ሰምቻለሁ፤ ሙስሊም ነው።

«የጻፈውስ ማን ሆኖ ነው?»

እዚህ ላይ መኪናው ሞላና ተነሳን። ክርክሩ ግን አብሮን ተነሳ፤ እስከ ቡራዩ አልበረደም።

ካሪዬ ኢስታንቡል ውስጥ ያለ ጥንታዊ ቤተ ክርስቲያን ነው፤ በግሪኮቹ አጠራር ኮራ። ዛሬ ዓለም የሚያደንቃቸው ሥዕሎቹ የተሠሩት እ.ኤ.አ. ከ1315 እስከ 1321 ነው። በኦቶማኖች ዘመን መስጊድ ሆነ፣ በ20ኛው ክፍለ ዘመን ሙዚየም፣ ባለፈው ሰኞ ደግሞ እንደገና መስጊድ። እኔን የከነከነኝ ቀኑ ነው። የዚያ ቤት እጅግ የታወቀው ሥዕል የትንሣኤው ነው፤ ክርስቶስ አዳምንና ሔዋንን እጃቸውን ይዞ ከመቃብር ሲያወጣቸው። የእኛም ሠዓሊዎች ትንሣኤን የሚሥሉት እንዲሁ ነው። ያ ሥዕል ያለበት ቤት ለሶላት የተከፈተው በትንሣኤ ማግስት፣ ቤተ ክርስቲያን «ማዕዶት» በምትላት ሰኞ ሆነ። አንካራ ያሉት ሰዎች የምሥራቁን ባሕረ ሐሳብ ቆጥረው ያደረጉት ነው አልልም።

የካሪዬ ታላቅ ወንድም አያ ሶፊያ ነው። ዩስጢኒያኖስ ያሠራው ቤት እ.ኤ.አ. በ537 ተመረቀ፤ በ1453 መሕመድ 2ኛ (ፋቲሕ) ከተማዋን ሲይዝ መስጊድ አደረገው፤ በ1934 የአታቱርክ መንግሥት ሙዚየም እንዲሆን ወሰነ። ሐምሌ 3 ቀን 2012 ዓ.ም. የቱርክ ከፍተኛ የአስተዳደር ፍርድ ቤት ያን ውሳኔ ሻረው። ምክንያቱ፣ ቤቱ የሱልጣኑ ወቅፍ (ለሃይማኖት አገልግሎት የተሰጠ ንብረት) ስለሆነና በሰነዱም መስጊድ ተብሎ ስለተሰየመ ከዚያ ውጭ ለሌላ አገልግሎት ሊውል አይችልም የሚል ነው። ከሁለት ሳምንት በኋላ ጁምዓ ተሰገደበት። እንግዲህ ቁጠሩ፤ 916 ዓመት ቤተ ክርስቲያን፣ 481 ዓመት መስጊድ፣ 86 ዓመት ገደማ ሙዚየም። «ይመለስ» ያለ ሰው ከሦስቱ አንዱን መርጧል፣ ሁለቱን ዘሏል። ቄሱና ልጁ በአንዲት ግስ የተጣሉት ያለ ነገር አይደለም።

ሆለታ ላይ ልጁና ጓደኛው ወረዱ። ይህችም ከተማ በአንድ ወቅት ገነት ተብላ ነበር፤ ዛሬ ሆለታ ነው የምትባለው።

እኔ ደግሞ አዲስ ዓለም ላይ ወረድኩ። አዲስ ዓለም ከአዲስ አበባ 55 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። የቀድሞ ስሟ እጀርሳ ነው፤ በኦሮምኛ ወይራ ማለት። አዲስ አበባ የማገዶ እንጨት ሲያልቅባት ምኒልክ በ1890ዎቹ መጀመሪያ መናገሻቸውን ወደዚህ ሊያዞሩ ተነሡ፣ ቤተ መንግሥትም አስጀመሩ። ኋላ ባሕር ዛፍ አዲስ አበባን አዳናትና ሐሳቡ ቀረ። የተጀመረውስ ቤት? የቤተ መንግሥት አዳራሽ ሊሆን የታሰበው የማርያም ቤተ ክርስቲያን ሆነ።

ጫማዬን አውልቄ ገባሁ። ከበዓሉ የተረፈ የዕጣን ሽታ አለ፤ ወለሉ ላይ ቄጤማው ጠውልጓል። ንጉሥ ሊቀመጥበት በተባለበት ቦታ አንዲት እናት ግንባራቸውን መሬት አስነክተው ይጸልያሉ። በሩ ላይ ያገኘሁትን ዲያቆን፣ «ቤተ መንግሥት መሆኑ ቀርቶ ቤተ ክርስቲያን ሲሆን የተቃወመ ነበር?» አልኩት። ሳቀብኝ። «ማን ይቃወማል ጋሼ? ማን ነበረበትና!»

ይህ መልሱ እስከ ጊንጪ ተከተለኝ። ሕንፃ ሥራውን ቢቀይር በራሱ ኃጢአት የለውም። ጥያቄው ሲቀየር ማን ውጣ ተባለ ነው።

ጊንጪ ሻይ ቤት ከአንድ ጨርቅ ነጋዴ ሐጂ ጋር አንድ ጠረጴዛ ተጋራን። ገና እንደተቀመጥኩ «እንኳን አደረሰህ» አሉኝ። ስለ ካሪዬ አነሳሁባቸው፤ ደስ ብሏቸው እንደሁ ለማወቅ መሆኑን አልደብቅም። ሻያቸውን ሁለት ጊዜ ፉት አሉና የኸሊፋ ዑመርን ታሪክ ነገሩኝ። ዑመር ኢየሩሳሌምን ሲይዙ ጳጳሱ በትንሣኤው ቤተ ክርስቲያን ውስጥ እንዲሰግዱ ጋበዟቸው ይባላል። ዑመር እምቢ አሉ፤ «እኔ እዚህ ብሰግድ ነገ የእኔ ሰዎች ዑመር የሰገደበት ነው ብለው ይቀሟችኋል» ብለው ውጭ ሰገዱ።

«የመሕመድ ፋቲሕን ትልቅነት አልክድም፤ የዑመር ግን ይበልጥብኛል» አሉ።

ኢየሩሳሌም ሲሉ እኔ የዴር ሱልጣን ነገር ትዝ አለኝ። እዚያው የትንሣኤው ቤተ ክርስቲያን ጣሪያ ላይ ያለውን ገዳማችንን ግብጾች የእኛ ነው፣ ይመለስልን ይላሉ። እ.ኤ.አ. በ1970 የፋሲካ ሌሊት እነሱ ጸሎት ላይ ሳሉ ቁልፎቹ ተቀየሩ፤ በዓመቱ የእስራኤል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ቁልፉ ለግብጾቹ ይመለስ ቢልም ቦታው ዛሬም በኢትዮጵያውያን መነኮሳት እጅ ነው። እኛ ይህን ስናወራ «ርስታችንን አስከበርን» እንላለን።

ሐጂው ሊሄዱ ተነሥተው፣ «አንተ የምትጓዝ ሰው ትመስላለህ፤ ሐረር ሄደህ ታውቃለህ?» አሉኝ። አዎ አልኳቸው። «ፈረስ መጋላ መድኃኔ ዓለምን አይተሃል?» አይቻለሁ፣ ፎቶም አንስቻለሁ። «ከእሱ በፊት ምን እንደነበረ ነግረውሃል?» አልነገሩኝም፤ እኔም አልጠየቅሁም። ጨርቃቸውን ተሸክመው ወጡ።

ነገሩን የማላውቀው ሆኜ አይደለም። ሐረርን ከ1875 እስከ 1885 እ.ኤ.አ. የያዙት ግብጾች ፈረስ መጋላ አደባባይ ላይ መስጊድ ነበራቸው። ምኒልክ በጨለንቆ ድል አድርገው በ1879 ዓ.ም. ከተማዋን ሲይዙ በመስጊዱ ቦታ መድኃኔ ዓለም ተተከለ። በ16ኛው ክፍለ ዘመን ደግሞ ከዚያችው ከሐረር የተነሣው የኢማም አሕመድ ጦር ደብረ ሊባኖስን አቃጥሏል። ልጅ ሳለሁ የተማርኩት የኋለኛውን ብቻ ነው።

አምቦ ስገባ ጀምበር ዘቅዝቃለች። ይህችንም ከተማ አንድ ዘመን ሀገረ ሕይወት አሏት፤ የውሃዋ ጠርሙስ ላይ ያለው ስም ግን አምቦ ነው፣ ከተማዋም ወደዚያው ተመለሰች። እዚህ «ተመለሰ» ማንንም ከቤቱ አላስወጣም፤ ስለዚህ አልከበደም። ሆቴል በረንዳ ላይ የቀዘቀዘ አምቦ ውሃ ከፍቼ ይህን እጽፋለሁ።

ለቄሱ መንገድ ላይ ያልመለስኩላቸውን አሁን ልመልስ። አያ ሶፊያ ሙዚየም ሆኖ ቢቀር ይሻል ነበር ባይ ነኝ፤ ሁለቱም ወገን ሳይፈራ የሚገባበት እንደዚያ ሆኖ ነበር። የሐረሩ መድኃኔ ዓለም መስጊድ ይሁን ግን አልልም፤ ከመቶ ሠላሳ ዓመት በላይ ክርስትና የተነሡበትን ሰዎች ውጡ ማለት ያንኑ በደል መድገም ነው። ነገር ግን ለኢስታንቡል ያለቀሰ ዓይን ፈረስ መጋላ ሲደርስ ሊጨፈን አይገባም። አንባቢ ሆይ፣ ሐረር ከሄድክ አስጎብኚህ መድኃኔ ዓለምን ሲያሳይህ ከ1879 በፊት እዚያ ቦታ ላይ ምን እንደነበረ ጠይቀው።