ሰው የሚመላለስበት ፍርስራሽ

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ
ጥቅምት

ለውድ እህቴ፣

  

ባለፈው ስንደዋወል «ልጆቹ ቅዳሜን የት ይውላሉ? ያ ስልክ ዓይናቸውን አይጎዳም ወይ?» ብለሽ ጠይቀሽኝ ነበር። በስልክ የመለስኩልሽ ስላልበቃኝ ተረጋግቼ ልጻፍልሽ ብዬ ነው። አየሩ ደህና ከሆነ ቅዳሜ ጠዋት ድፎ ዳቦ፣ ቆሎና ውሃ ይዘን ወደ ጫካ እንወጣለን። ቨርጂኒያ ውስጥ አሌክሳንድርያ ያሉት የአክስታችን ልጆችም ቤተሰባቸውን ይዘው እዚያው ያገኙናል። የምንመርጠው ግን ዛፍና ወንዝ ብቻ ያለበትን አይደለም፤ የድሮ ሰው ሠርቶት አሁን የፈረሰ ነገር ያለበትን ነው። ጎንደር ላይ ከግንብ ሥር ላደገ ሰው ይህ እንዴት እንደሚስብ አንቺ አታጪውም። ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የማስቀምጥልሽ።

ልጆቹ ከሁሉ አብልጠው የሚወዱት በቨርጂኒያ በኩል ያለውን ግሬት ፎልስ ነው። የፖቶማክ ወንዝ እዚያ ሲደርስ አለቱን እየሰነጠቀ 23 ሜትር ያህል ይወርዳል። እንደ ጢስ ዓባይ ባንዴ አይወረወርም፤ ከአለት ወደ አለት እየተንደረደረ ነው የሚወርደው። ፏፏቴውን አይቶ በዛፎቹ መካከል ጥቂት ለሄደ ሰው የማቲልዳቪል ፍርስራሽ ይጠብቀዋል። ነገሩ እንዲህ ነው፦ በ1785 የፓቶማክ ኩባንያ ሲቋቋም የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ጆርጅ ዋሽንግተን ነበር፤ ያኔ ገና የአገሩ መሪ አልሆነም። ሐሳቡ ጀልባ ፏፏቴውን በጎን የሚያልፍበት ቦይ መቆፈር ነው። ሥራው እየተካሄደ ሳለ ሄንሪ ሊ የተባለ የጦር ሰው በ1790 ቦዩ አጠገብ ከተማ ቆረቆረና በሚስቱ በማቲልዳ ስም ጠራት። ቦዩ ያለቀው በ1802 ነው፤ ዋሽንግተን ግን በ1799 ስለሞተ አላየውም። ከላይ አገር ዱቄት፣ ትምባሆና ብረት የጫኑ ጀልባዎች በዚያ ይወርዱ ጀመር። ይሁን እንጂ ወንዙ ለጀልባ የሚበቃ ውሃ የሚይዘው በዓመት ለጥቂት ጊዜ ብቻ ስለነበር ኩባንያው አላዋጣውም፤ በ1828 ንብረቱን ለሌላ አስረክቦ ከሰመ። ከተማዋም አብራ ጠፋች። ዛሬ የቀረው የቤት መሠረትና የግድግዳ ቁራጭ ነው፤ ዛፍ በቅሎበታል።

ቦዩ ላይ አምስት የውሃ በሮች ነበሩ። ጀልባዋ በድንጋይ ግድግዳ መካከል ትገባለች፣ ከኋላዋ በሩ ይዘጋል፣ ውሃው ቀስ እያለ ሲለቀቅ አብራው ዝቅ ትላለች፣ ከዚያ የፊተኛው በር ይከፈትላታል። የታችኞቹን በሮች ለመሥራት አለቱን በባሩድ ነው ያፈነዱት። ከተጠረቡት ድንጋዮች በአንዳንዶቹ ላይ ጠራቢዎቹ የየራሳቸውን ምልክት ቀርጸዋል። ትንሿ ልጄ ጣቷን በምልክቱ ላይ እያስኬደች «ይሄን የጻፈው ሰውዬ ማን ነው?» አለችኝ። ስሙን ማንም አያውቀውም። ግን እዚህ የሠሩት እነማን እንደነበሩ ነገርኳት፦ ደመወዝተኞች ነበሩ፣ ለመሳፈሪያቸው ዕዳ የተቀጠሩ ስደተኞች ነበሩ፣ ከጌቶቻቸው የተከራዩ ባሮችም ነበሩ። ባሪያው ይሠራል፣ ኪራዩን ጌታው ይቀበላል። ትልቁ ወንድሟ ይህን ሲሰማ ቆሎውን አስቀምጦ ብዙ ጠየቀኝ። ትምህርት ቤት የተማረው ታሪክ ነው፤ እጁን ድንጋዩ ላይ አድርጎ ሲሰማው ግን ሌላ ሆነበት።

ከወንዙ ማዶ፣ በእኛ በሜሪላንድ በኩል፣ በ1828 የተጀመረ ሌላ ቦይ አለ። ከጆርጅታውን እስከ ከምበርላንድ 297 ኪሎ ሜትር ይሄዳል። ጀልባዎቹን የሚጎትቱት በቅሎዎች ነበሩ፤ ዛሬ ልጆቻችን ብስክሌት የሚነዱበት ከቦዩ ጎን ያለው ጥርጊያ መንገድ ለበቅሎ የተሠራ ነው። ዳገት የለውም፣ የሕፃን ጋሪ ያለ ችግር ይገፋበታል፤ ለእማማም ጉልበት ይስማማ ነበር። በዚሁ ቦይ ወደ ላይ ከተሄደ ሴኔካ የምትባል ቦታ ድንጋይ ሲቆረጥበት የነበረ ቤት ቀርቷል። ጣሪያ የለውም፤ ቀይ ግድግዳው ግን ቆሟል። ዋሽንግተን መሀል ያለው የስሚዝሶኒያን ቀይ ሕንፃ ድንጋዩ የመጣው ከዚሁ መንደር ነው።

ይህን መንገድ በምሄድ ቁጥር ለልጆቹ የምነግራቸው ታሪክ አለ። ቦዩ በ1924 በጎርፍ ተመትቶ ተዘጋ። በኋላ ዳሩን ተከትሎ የመኪና መንገድ ይሠራ የሚል ሐሳብ መጣ፤ ዋሽንግተን ፖስት ጋዜጣም ደገፈው። በጥር 1954 የጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኛ የነበረው ዊልያም ዳግላስ ለጋዜጣው ደብዳቤ ጽፎ አዘጋጆቹ አብረውት መንገዱን በእግር እንዲሄዱት ጋበዛቸው። ብዙ ሰው ተከትሎት ተነሣ። እስከ መጨረሻው የዘለቁት ዘጠኝ ሰዎች ናቸው፤ የጋዜጣው ሐሳብ ግን ተለወጠ። በ1971 ቦዩ ብሔራዊ ታሪካዊ ፓርክ ሆነ። እህቴ፣ ያን የፈረሰ ቦይ ለልጆቼ ያቆየው ሰው ተነሥቶ በእግሩ መሄዱ ነው። ይህን ታሪክ ካወቅሁ ወዲህ ቅዳሜያችን እንደ መዝናኛ ብቻ አይታየኝም።

አሌክሳንድርያ ስንሄድ ደግሞ ፎርት ዋርድ እንውላለን። በ1861 የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ሲነሣ የሰሜኑ ጦር የዋሽንግተንን ከተማ በምሽግ አጠራት፤ ጦርነቱ ሲያልቅ 68 ምሽጎች ነበሩ። ፎርት ዋርድ ከትልልቆቹ አንዱ ነው። የድንጋይ ግንብ እንዳይመስልሽ፤ የአፈር ክምር ነው፣ ዙሪያውን ጉድጓድ ተቆፍሮለታል። አንደኛው ማዕዘን መድፎቹ ተደግነውበት እንደ ጥንቱ ታድሷል፤ የቀረው ሣር ለብሶ በኦክ ዛፎች ሥር ተኝቷል። አፈሩ እንዳይሸረሸር ላዩ ላይ መውጣት ክልክል ነው፤ ልጆቹ በዙሪያው ባለው መንገድ ይሮጣሉ። እዚያ ያለው ሙዚየምም ፓርኩም በነፃ ነው።

ጦርነቱ አልቆ ወታደሩ ሲሄድ ከባርነት የወጡ ጥቁር ቤተሰቦች ምሽጉ ላይና ዙሪያው ሰፈሩ። መሬት ገዙ፣ ቤት ሠሩ፣ ልጆቻቸውን አስተማሩ፣ ሙታናቸውንም እዚያው ቀበሩ። መንደሩን «ዘ ፎርት» ይሉት ነበር። የጦርነቱ መቶኛ ዓመት ሲደርስ ከተማው ቦታውን ለፓርክ ወሰደው፤ ሰዎቹ ተነሡ፣ ቤቶቹ ፈረሱ። ለብዙ ዓመት ወደ ፓርኩ የሚመጣ ሰው የሚሰማው የወታደሩን ታሪክ ብቻ ነበር። የልጅ ልጆቻቸው ግን ቦታውን አልተውትም፤ እየተመላለሱ ከተማውን ወተወቱት። በመጨረሻ የቁፋሮ ጥናት ተደርጎ ምልክት ያልነበራቸው መቃብሮች ተገኙ፤ ዛሬ የእነዚያን ቤተሰቦች ታሪክ የሚናገሩ ሰሌዳዎች መንገዱ ዳር ቆመዋል። እኛም ልጆቹን እዚያ ዝም አሰኝተን እናስነብባቸዋለን። ስደተኛ ለሆነ ቤተሰብ ትልቅ ትምህርት ነው።

ወደዚህ ስትመጪ እንድታውቂው፦ ግሬት ፎልስ የመኪና መግቢያ ይከፈላል፣ ትኬቱ በሁለቱም የወንዙ ዳርቻ ያገለግላል። ቅዳሜና እሑድ ረፋዱ ላይ የመኪና ማቆሚያው ስለሚሞላ ማልዶ መነሣት ነው። ወንዙ ላይ ላዩን ጸጥ ያለ ቢመስልም ከሥሩ የሚጎትት ኃይል አለው፤ በየጊዜው ሰው ይበላል። መዋኘትም ሆነ እግር መንከር ክልክል ነው፤ የልጆቹን እጅ አንለቅም። በሞቃቱ ወራት መዥገር ስላለ ረጅም ካልሲ እናለብሳቸዋለን፣ ማታ ሰውነታቸውን እንፈትሻለን።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳዬ ልምጣ። እናንተ ጎንደር ላይ ከቤታችሁ ሳትርቁ ቁስቋም አለላችሁ፤ እቴጌ ምንትዋብ ያሠሩት ግቢ። የፋሲልን ግንብ ቱሪስቱም ሙሽራውም ያየዋል፤ ቁስቋም ግን የሰፈሩ ልጅ እንኳ በበዓል ካልሆነ አይወጣም። መንገዱ ሰላም በሆነ ቀን ልጆቹን ይዘሽ ውጪልኝ። ግድግዳው ላይ የተቀረጸውን አሳያቸው፤ ማን እንዳሠራው ብቻ ሳይሆን ማን ድንጋይ እንደተሸከመ፣ ማን ኖራ እንዳቦካ ይጠይቁሽ። የማታውቂውን እማማን ጠይቂልኝ፤ የሰፈሩን የድሮ ወሬ ከእርሳቸው በላይ የሚያውቅ የለም። ትልቁ ልጅሽ የሚነግሩትን ደብተር ላይ ይጻፈው። መንግሥት ያድሳል፣ ዩኔስኮ ይመዘግባል፤ ነገር ግን የሰፈሩ ልጅ የማይረግጠውን ቦታ ማንም ጠብቆ አይዘልቀውም።

የእኔ ልጆችም ጥያቄ አላቸው፦ ቁስቋም ላይ የጠራቢ ምልክት አለ ወይ? የአክስታቸው ልጆች አይተው እንዲጽፉላቸው ይለምናሉ። እነርሱም የማቲልዳቪልን ፎቶ ይልካሉ። ስንመጣ አብረው እንዲወጡ ከአሁኑ ተቀጣጥረዋል።

እማማን ጉልበታቸውን ሳሚልኝ። ባለቤትሽን፣ ጎረቤቶቻችንን፣ የጠየቀኝን ሁሉ ሰላም በይልኝ። መልስሽን ቶሎ ጻፊ።

ወንድምሽ