አሮጌ መኪናና ዐዋቂ እጅ

«ሥራ ለሠሪው፣ እሾህ ላጣሪው» የሚለውን ተረት ከልጅነታችን ጀምረን ብንሰማውም፣ ትርጕሙ በሚገባ የገባን አንዲት አሮጌ ቮልስ ባስቸገረችን ጊዜ ነው።

ይህች መኪና በኤውሮፓ አቈጣጠር በ1967 ዓ.ም. የተሠራች፣ ከሟቹ አባታችን የወረስናት ናት። የዚህ ዐይነት መኪና የመጨረሻው በ2003 ዓ.ም. በሜክሲኮ ተሠርቶ ስላበቃ፣ መለዋወጫውም ባለሙያውም እየጠፋ ሄዷል። መኪናዪቱ ዳገት መውጣት ባቃታት ጊዜ በአዲስ አበባ ሦስት ጋራዦች ዞርን። የመጀመሪያው የኮምፒዩተር መመርመሪያውን የሚሰካበት ቦታ ፈልጎ ቢያጣ መለሰን። ሁለተኛው ካርቡራቶሯን በአዲስ ለወጠው፤ ድካሟ ሳይቀር ጥቍር ጭስ ተጨመረበት። ሦስተኛው «ለብረት ይሽጧት» ብሎ መከረን፤ እኛም ዋጋ መጠየቅ ጀምረን ነበር።

በመጨረሻ የመሥሪያ ቤታችን ዘበኛ ወደ አንድ ሽማግሌ መካኒክ መራን። በሚሲዮን ትምህርት ቤት ያደግንና ሰውን በምስክር ወረቀቱ መመዘን የለመድን ስለ ሆንን፣ «የት ተማሩ፣ አባባ?» ስንል ጠየቅናቸው።

«ከሞተር ሥር» አሉና ጆሯቸውን አዘንብለው አዳመጡ።

ካንዴላውን፣ ቺንጋውን፣ ፍሪሲዮኑን እየጠሩ ሲያስረዱን፣ እነዚህ ከጣልያንኛ የመጡ ቃላት አፋችንን በትግርኛ የፈታን እኛ አማርኛ ሳንማር በአባታችን ቤት የሰማናቸው ስለ ነበሩ ልባችን ተከፈተላቸው።

ካንዴላው በጥላሸት ጠቍሮ ተገኘ። «አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ትላለች፤ አየሯ ስስ ነው። ይህ አዲሱ ካርቡራቶር ግን ለቆላ አገር እንደ ተበጀ ስለ ገባ ቤንዚን ያበዛል። አሮጌው የት አለ?» አሉ።

ከፊት ኮፈኗ ሥር አውጥተን ሰጠናቸው። ፈትተው ቤንዚን የሚያልፍባትን ጠባብ የናስ ቀዳዳ አሳዩን። በአባታችን ዘመን አንድ ባለሙያ ለደጋው አየር አስቦ የመረጣት ኖሯል። ለካ እኛ ልንጥለው የነበረው ብረት ሳይሆን ዕውቀት ነው! ያችን ቀዳዳ በአዲሱ ላይ ገጠሟት።

«የፊተኛው ሕመሟ ግን ቫልቩ ነው። እርሱም ሞተሩ ሳይቀዘቅዝ አይለካምና ነገ ጧት ና፣ ልጄ» አሉን። በማግሥቱ የ0.15 ሚሊሜትር ክፍተት በስስ ብረት እየለኩ አስተካከሉት። ቮልሳችንም የእንጦጦን ዳገት ያለ ጭስ ወጣች።

ልንሰናበታቸው ስንል እጃቸው ሲንቀጠቀጥ አይተን፣ «ተማሪ አለዎት ወይ?» ብለን ጠየቅን።

«አሮጌን ማን ይማራል?» አሉ።

ይህ ቃል ከጭሱ ይልቅ አሳሰበን። ስለዚህ የአሮጌ ዕቃ ባለቤት የሆነ ሁሉ ለመሸጥ ከመቸኰሉ በፊት የሚያውቀውን ሰው ይፈልግ፤ ባገኘውም ጊዜ ዋጋውን ከፍሎ ብቻ አይሂድ፣ አንድ ተማሪ ከጎኑ ያቁምለት እንላለን። እኛ ሌላ ተማሪ እስኪገኝ ድረስ በየቅዳሜው ከሽማግሌው አጠገብ ቆመን ስሱን ብረት እንይዛለን፤ የምስክር ወረቀቱ ነገር ቀርቶብናል።