መልአክ ያወጣው ስም

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል። መልአክ ያወጣውን ስም መዝግቦ የሚይዘው ግን በዚህ ዘመን ኮምፒዩተር ሆኗል፤ ኮምፒዩተር ደግሞ እንደ መልአክ የሁሉን ቋንቋ አይሰማም። ከዓመታት በፊት ከአንድ መሥሪያ ቤት የተሰጠኝ ደረሰኝ፣ «የደንበኛ ስም» ከሚለው ቀጥሎ የያዘው የእኔን ስም ሳይሆን በተርታ የተሰለፉ የጥያቄ ምልክቶችን ነበር። ገንዘብ ተቀባይዋን «እኅቴ፣ ይኸ ማን ነው?» ብላት፣ ቀና ሳትል «እሱ ሁሌም እንዲህ ነው የሚያወጣው» አለችኝ።

«እሱ» ማን እንደሆነ የተረዳሁት ብራስልስ ነው። በጥር መጨረሻ 2016 ዓ.ም. ለዘመድ ጥየቃ እዚያ ሄጄ ሳለ፣ በዳታቤዝ አስተዳዳሪነት የሚሠራው የአክስቴ ልጅ «ና፣ ጉባኤያችንን እይ» ብሎ ፎስደም ወደሚባለው ስብሰባ ወሰደኝ። ፎስደም በየዓመቱ በብራስልስ ነጻ ዩኒቨርሲቲ የሶልቦሽ ግቢ ለሁለት ቀን ይካሄዳል። የሚሰበሰቡት የአሠራራቸው ጽሑፍ ለማንም ክፍት የሆነ፣ ኦፕን ሶርስ የሚባሉ ሶፍትዌሮችን የሚሠሩና የሚያስተዳድሩ ሰዎች ናቸው። የመግቢያ ክፍያ የለም፤ ምዝገባም የለም። በሩ ላይ ቆሞ ስምህ ማን ነው የሚል ሰው አላየሁም። ክፍሉ ጢም ሲል ብቻ «ሞልቷል» የሚል ወረቀት በሩ ላይ ይለጠፋል።

የዳታቤዝ ሰዎች የተሰበሰቡበት ክፍል ውስጥ ገብተን ተቀመጥን። ዳታቤዝ ማለት ባጭሩ፣ የተሰጠውን መዝግቦ የሚያኖር፣ ሲጠየቅም ፈልጎ የሚያወጣ የማይደክም መዝገብ ቤት ነው። በልብሱ ላይ ዝሆን ያሳተመው የፖስትግሬስ ወገን ነው፤ ዶልፊን ያሳተመው ደግሞ የማይ ኤስኪውኤል። ተናጋሪዎቹ እየተፈራረቁ አጭር ገለጻ ያደርጋሉ፤ የመጠባበቂያ ቅጂ እንዴት እንደሚያዝ፣ ፍለጋው ለምን እንደሚዘገይ፣ በሚቀጥለው እትም ምን እንደሚጨመር ያስረዳሉ። የእኔ ዲፕሎማ የጋዜጠኝነት ነውና ከተባለው ግማሹ አልገባኝም። የጥያቄ ምልክቶቹን ነገር ግን በዕረፍት ሰዓት ለአክስቴ ልጅ አነሳሁበት።

ሳቀና «እነሱ ስዊድኖች ስለሆኑ ነዋ!» አለኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ማይ ኤስኪውኤል በ1995 በስዊድን የተመሠረተ ኩባንያ ሥራ ነው። ከመሥራቾቹ አንዱ የሆነው ፊንላንዳዊው ሚካኤል ቪደኒየስ «ማይ»ን የወሰደው ከሴት ልጁ ስም ነው። ኩባንያው በ2008 በአንድ ቢሊዮን ዶላር ለሰን ማይክሮሲስተምስ ተሸጦ፣ ሰን ደግሞ በ2010 በኦራክል ሲጠቀለል፣ ቪደኒየስ አስቀድሞ ከዚያው ከክፍቱ ጽሑፍ ሌላ ዳታቤዝ አውጥቶ ነበር። እሱንም በታናሽቱ ልጁ ስም ማሪያ ዲቢ አለው። ቤቱ የስዊድን ነውና ማይ ኤስኪውኤል ሌላ ካልታዘዘ በቀር የሚያውቀው የላቲንን ፊደል ነበር፤ ስም የሚደረድረውም በስዊድንኛ የፊደል ተራ ነበር። ይህ ልማዱ የተለወጠው በ2018 በወጣው ስምንተኛ እትሙ ነው። የግዕዝ ፊደል በ1999 ዩኒኮድ በተባለው የዓለም ፊደላት ሰሌዳ ውስጥ ገብቷል። ነገር ግን አንድ ባለሙያ ሠንጠረዡን ሲያዘጋጅ ማዘዙን ከዘነጋ፣ ዳታቤዙ የማያውቀውን ሆሄ ሁሉ በጥያቄ ምልክት ይተካው ነበር። ክፋቱ፣ አንዴ ተተክቶ ከተቀመጠ በኋላ የጠፋው ሆሄ ከመዝገቡ ተፈልጎ አይገኝም።

እንግዲህ በስዊድኖቹ ላይ ቂም መያዝ ይገባል? እኔ አይመስለኝም። የኦፕን ሶርስ ሥራ ከአገራችን ደቦ ጋር በብዙ ይመሳሰላል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ እንዲሉ፣ አንዱ ብቻውን የማይገፋውን እርሻ ጎረቤት ተጠራርቶ ያርሰዋል። ከ1986 ጀምሮ በበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ በማይክል ስቶንብሬከር መሪነት የተጀመረው ፖስትግሬስ ዛሬ ባለቤት ኩባንያ የለውም። ማንም ሰው ከየትም አገር ማሻሻያ ጽፎ ይልካል፤ ሌሎች ይመረምሩታል፤ ሠላሳ ያህል የታመኑ ሰዎች ደግሞ የበሰለውን ተቀብለው ያስገባሉ። ደቦው ላይ ያልተገኘ ሰው ማሳ ሳይታረስ ቢያድር ግን የሚደንቅ አይደለም። ክፉ አሳቢ ኖሮ ሳይሆን፣ «የእኔም አለ» የሚል ሰው ባለመኖሩ ነው።

«የእኔም አለ» ያለ ሰው ምን እንደሚያገኝ የሚያሳይ ምሳሌ እዚያው በዶልፊኑ ላይ አለ። ዶልፊኑ «ሳኪላ» ይባላል። ስሙ የተመረጠው ብዙ ሰው ከተሳተፈበት ውድድር ነው፤ ያቀረበውም ያን ጊዜ ስዋዚላንድ፣ ዛሬ ኤስዋቲኒ በምትባለው አገር ይሠራ የነበረ አፍሪካዊ ሶፍትዌር ሠሪ ነው። ሌላም አለ። በኦስሎ ዩኒቨርሲቲ መሪነት የሚሠራው፣ የጤና ሚኒስቴራችንም የሚጠቀምበት ዲ ኤች አይ ኤስ 2 የተባለው የጤና መረጃ ሥርዓት መዝገቡን የሚያኖረው በፖስትግሬስ ላይ ነው። ከሚቀበላቸው የዘመን አቆጣጠሮች አንዱ የእኛው፣ ጳጉሜ ያለችበት የአሥራ ሦስት ወር አቆጣጠር ነው። ጳጉሜ በራሷ እግር ሄዳ እዚያ አልገባችም፤ አንድ ሰው ተቀምጦ ጽፎላታል።

ያልተጻፈው ግን ገና ብዙ ነው። ፖስትግሬስ ቃላትን በግንዳቸው መርምሮ የሚፈልግባቸው ከሃያ በላይ ቋንቋዎች አሉት፤ ዐረብኛ፣ ታሚልኛ፣ ኔፓልኛና ዪዲሽ ሳይቀሩ። በ2025 በወጣው 18ኛ እትሙ ውስጥ አማርኛ የለም። ይህ የቅንጦት ነገር የሚመስለው ካለ አንድ ክሊኒክ ያስብ። አንዲት እናት ካርድ ስታወጣ መዝጋቢው «ፀሐይ» ብሎ ጻፋት። በዓመቱ ስትመለስ ሌላው መዝጋቢ «ጸሃይ» ብሎ ፈለጋት። ለእኛ አንድ ስም ነው፤ ለኮምፒዩተሩ ግን ሌላ ሰው ናት። ሁለቱ ሆሄያት አንድ ድምፅ መሆናቸውን የነገረው ከሌለ «የለችም» ይላል፤ አዲስ ካርድ ይከፈትላታል። የትኛው መድኃኒት እንደማይስማማት የተጻፈው በአሮጌው ካርድ ላይ ቀረ።

ብራስልስ ለመድረስ ቪዛና የአውሮፕላን ዋጋ እንደሚያስፈልግ አውቃለሁ፤ በሩ ላይ ስም ባይጠየቅም ኤምባሲው ይጠይቃል። በዚያ ክፍል ውስጥ ከእኔና ከአክስቴ ልጅ በቀር ሐበሻ ያላየሁት ለዚህም ይሆናል። ደግነቱ የዚህ ደቦ ዋናው እርሻ የሚታረሰው በጽሑፍ ልውውጥ ነው፤ ጉባኤው ሰዎቹ ፊት ለፊት የሚተያዩበት ነው። አዲስ አበባም ሆነ ባሕር ዳር ተቀምጦ ማሻሻያ መላክ ይቻላል።

ከሁሉ ይልቅ የሚቆጨኝ ሥራው ከዜሮ የሚጀመር አለመሆኑ ነው። የአማርኛን ቃል ግንድ በኮምፒዩተር ስለማውጣት በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የማስተርስ ጥናቶች ተጽፈዋል። እንዲህ ያለ ጥናት ውጤት አግኝቶ መደርደሪያ ላይ ሲቀር፣ ከደራሲው ማዕረግ ያለፈ ጥቅም አይሰጥም። ከተማሪዎቹ አንዱ፣ ወይም የዛሬ ተማሪያቸው፣ ያን ሥራ አራግፎ፣ ደቦው በሚቀበለው መልክ አዘጋጅቶ ቢልከው፣ ተቀባይነት እስኪያገኝ ትችትና መመላለስ ይጠብቀዋል። ያን ችሎ ካለፈ ግን ያቺ እናት በማንኛውም ሆሄ ብትጠራ አንድ ካርድ ይበቃታል።