ንድፉ የማን ነው?

አባቴ አዳማ ጋራዥ ውስጥ ትራክተር ሲጠግን መመሪያው ጆሮው ነበር። ባለፈው አዲስ ሞዴል መጣለት፤ ኮምፒውተሩ የይለፍ ቃል ጠየቀ። «እና ይሄ የገበሬው ነው ወይስ የፋብሪካው?» አለኝ። መልስ አጣሁ።

ጦር መሣሪያ ላይም ጥያቄው ያው ነው። ሜቴክ በ2002 ዓ.ም. ሲቋቋም የአዳማውን ትራክተር ፋብሪካም፣ ታንክ የሚያድሰውን የቢሾፍቱንም ጠቀለለ። «የራሳችን ምርት» ሲባል ብሎን የምናጠብቀው እኛ ነን፤ ንድፉና ኮዱስ? ውሉ ላይ ካልተጻፈ ሻጩ ጋር ይቀራል፤ ለጥገናም እሱኑ መለመን ነው። የአሜሪካ ጦር እንኳ ይሄ አንገሽግሾት፣ በ2025 እ.ኤ.አ. በግዢ ውሎቹ ውስጥ የመጠገን መብት እንዲገባ ታዟል።

አባቴ ትራክተሩን ሳይነካ መለሰው። የዘር ሰሞን ነው፤ ገበሬው የወኪሉን ባለሙያ ከአዲስ አበባ ይጠብቃል።