አያት በእግሩ፣ የልጅ ልጅ በባቡር

ሕንዳዊ ሲባል በእኛ አገር በዕድሜ ከፍ ያሉት ሰዎች ትዝ የሚላቸው የሁለተኛ ደረጃ የሒሳብ ወይም የፊዚክስ አስተማሪያቸው ነው፤ ከእነሱ ለጥቆ የመጣው ትውልድ ደግሞ በሲኒማ ቤት ያየውን፣ ዘፍኖ የማይደክመውንና ተደባድቦ የማይሸነፈውን ጀግና ያስታውሳል። እኔ ዛሬ ከአንባቢዎቼ ጋር ላስተዋውቀው የምፈልገው ሕንዳዊ ግን አስተማሪም ጀግናም አይደለም። የሃያ ሰባት ዓመት ወጣት፣ በሙምባይ ከተማ በአንድ የሒሳብ ምርመራ ድርጅት ተቀጥሮ የሚሠራ ደመወዝተኛ ነው። ለትምህርት በዚያ ከተማ በነበርኩበት ጊዜ ሁለት ዓመት ያህል አንድ ቤት ተከራይተን አብረን ኖረናል። ስሙን እንዳልጽፍ ስለ ለመነኝ «ወዳጄ» እያልኩ እቀጥላለሁ።

ሙምባይ በካርታ ስትታይ ወደ ባሕር እንደ ተዘረጋ ጣት ናት። ባንኩ፣ ፍርድ ቤቱና ትልልቁ መሥሪያ ቤት ከጥንት ጀምሮ የተሰበሰበው ወደ ጣቱ ጫፍ፣ ወደ ደቡብ ነው፤ ሰው ግን ኪራዩ እየገፋው ወደ ሰሜን ይሸሻል። ሁለቱን የሚያገናኘው ባቡር ነው። በሕንድ አገር የመጀመሪያው የመንገደኛ ባቡር የተነሣው ከዚሁ ከተማ ሲሆን፣ በ1853 (ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ነው) 34 ኪሎ ሜትር ተጉዞ ታኔ ደረሰ። ዛሬ የከተማው ባቡሮች በቀን ወደ 7 ሚሊዮን የሚጠጋ መንገደኛ ያመላልሳሉ። የባቡሩ የወር ቲኬት ዋጋ እጅግ ርካሽ፣ የቤቱ ኪራይ ግን እጅግ ውድ ስለሆነ ደመወዝተኛው ገንዘቡን ለማዳን ሰዓቱን ይሰጣል።

እኛ የምንኖረው በቪራር ነበር። ወዳጄ የሚሠራው ደግሞ ሎወር ፓሬል በሚባለው ሰፈር ነው፤ በመካከሉ ከ50 ኪሎ ሜትር የሚበልጥ መንገድ አለ። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ይነሣል፤ ሻዩን በቁሙ ጠጥቶ፣ ቦርሳውን እንደ አራስ ልጅ በደረቱ አንግቶ ይወጣል። ፈጣኑ ባቡር ሎወር ፓሬል ስለማይቆም ዳዳር ላይ ይወርድና በየጣቢያው የሚቆመውን ይዞ ሁለተኛው ጣቢያ ላይ ይወርዳል። ማታ ቤት የሚገባው ወደ 3 ሰዓት ገደማ ነው።

በፉርጎው ውስጥ ያለውን ሥርዓት ያላየ ሰው ሁከት ብቻ ይመስለዋል። ለሦስት ሰው የተሠራው ወንበር ላይ አራተኛ ሰው መቀመጥ መብቱ ነው፤ ነገር ግን የሚያርፈው ግማሽ ጎኑ ብቻ ነው። ቆሞ የሚሄደው ደግሞ የተቀመጠውን «የት ነው የምትወርደው?» ብሎ ይጠይቃል፤ መልሱን ካገኘ በኋላ ያ ቦታ የእርሱ ነው፤ ጠያቂው በሰው መሐል ተገፍቶ ቢርቅ እንኳ ሌላ ሰው አይነጥቀውም። ማታ ሲመለሱ ደግሞ ግማሽ መንገድ ላይ ቦሪቪሊ የሚወርድ ሰው የቪራሩን ባቡር ቢሳፈር ይቆጡታል፤ አንዳንድ ጊዜም ወደ በሩ መጠጋት ከልክለውት ከጣቢያው ያሳልፉታል። በእኔ አስተያየት ይህ ግፍ ነው። ወዳጄ ግን፣ ገር ሰው ሆኖ ሳለ፣ በዚህ ነገር አይራራም ነበር። «የእርሱ ባቡር ብዙ ነው፤ የእኛ ጥቂት» ይላል።

ከዚያ ሁሉ ግፊያ ውስጥ ደግሞ ዘመድ ይወጣል። ወዳጄ በሦስተኛው ፉርጎ በየቀኑ የሚገናኛቸው ዐሥራ አንድ ሰዎች ነበሩት። ካርታ ይጫወታሉ፤ መዝሙር ይዘምራሉ፤ የአንዱ ልጅ ፈተና ቢያልፍ ጣፋጭ ይዞ ይመጣል። በዱሴራ በዓል ፉርጎውን በአበባ ያስጌጡታል። ታላቃቸውን «ካካ» ይሏቸዋል፤ አጎቴ ማለት ነው። እኒህ ካካ ጡረታ በወጡ በሁለተኛው ወር አንድ ማክሰኞ ጧት ከነቦርሳቸው ባቡሩ ውስጥ አገኘናቸው። «የት ነው የሚሄዱት?» ብንላቸው «እስከ ዳዳር» አሉ። ዳዳር ላይ ሻይ ጠጥተው ተመለሱ። ከዚያ በኋላ በየማክሰኞው ይመጡ ጀመር፤ ማንም ለምን ብሎ አልጠየቃቸውም።

ባቡሩ የሚያስከፍለው ግን ሰዓት ብቻ አይደለም። ከኮቪድ ወረርሽኝ ጊዜ በቀር በቅርብ ዓመታት በእነዚህ መሥመሮች ላይ በዓመት ከ2,000 በላይ ሰዎች ሞተዋል፤ የሚበዙት ሐዲድ ሲያቋርጡ ወይም ከተጨናነቀ ባቡር በር ላይ ወድቀው ነው። ስለዚህ የወዳጄ እናት ማታ ማታ በ3 ሰዓት ስልክ ስትደውል መጀመሪያ የምትጠይቀው «በላህ ወይ?» ብላ ሳይሆን «ገባህ ወይ?» ብላ ነበር።

ለጋንፓቲ በዓል ወደ ትውልድ ቦታው ወደ ራትናጊሪ አውራጃ ወሰደኝ። ማንጎና ዓሣ የሞላበት የባሕር ዳር አገር ነው። እዚያ ከሰማንያ ዓመት በላይ የሆናቸው አያቱ አሉ። «አጆባ» ነው የሚላቸው። እኒህ ሰው በወጣትነታቸው እንደ አውራጃው ሰው ሁሉ ወደ ሙምባይ ወርደው በጥጥ ፋብሪካ ሠርተዋል፤ ፋብሪካውም የነበረው እዚያው ሎወር ፓሬል ነው። ወዳጄ እያስተረጎመልኝ ከእርሳቸው ጋር ያደረገውን ንግግር እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

«ከቤትህ እስከ ሥራህ ስንት ነው?»

«ሁለት ሰዓት ነው፣ አጆባ።»

«በእግር?»

«በባቡር።»

ሽማግሌው ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና «እኔ ቢዲዬን ለኩሼ ሳልጨርሰው እደርስ ነበር» አሉ።

ቢዲ በቅጠል የተጠቀለለ የድሆች ሲጋራ ነው። ይህን ሲሉ ግን ኑሯቸው የተድላ ነበር ማለታቸው አልነበረም። አንዲት ክፍል ውስጥ ዐሥራ አምስት ወንዶች በፈረቃ ይተኙ እንደ ነበረ፣ ከሥራ የመጣው ወደ ሥራ በሄደው ምንጣፍ ላይ ይጋደም እንደ ነበረ እርሳቸው ራሳቸው ነግረውናል። ቢሆንም የፋብሪካው ጥሩምባ ከተጠራ በኋላ ከቤት ቢወጡም ይደርሱ ነበር።

በ1982 ጃንዋሪ ወር ዳታ ሳማንት በሚባለው የሠራተኞች መሪ አዝማችነት 250,000 ያህል የጥጥ ፋብሪካ ሠራተኞች ሥራ አቆሙ። አድማው ከዓመት በላይ ዘለቀ፤ ብዙዎቹም ፋብሪካዎች ዳግመኛ እንደ ቀድሞው አልተነሡም፤ አጆባም ጓዛቸውን ጠቅልለው ወደ ማንጎአቸው ተመለሱ። መሬቱ ግን በከተማው መካከል ቀረ። በ1991 የወጣው ደንብ የፋብሪካ መሬት ሲለማ ሲሶው ለሕዝብ ክፍት ቦታ፣ ሲሶው ለመኖሪያ ቤት፣ ሲሶው ለባለቤቱ እንዲሆን ያዝዝ ነበር። በ2001 ደንቡ ተሻሽሎ ክፍፍሉ ባዶ በሆነው መሬት ላይ ብቻ ስለ ተወሰነ የሕዝቡ ድርሻ በእጅጉ አነሰ፤ ጉዳዩም ክስ ተነሥቶበት በ2006 የሕንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ማሻሻያውን አጸናው። ዛሬ በዚያ ሰፈር የመስተዋት ሕንፃና የገበያ አዳራሽ ቆሟል፤ እዚህም እዚያም አንዳንድ የቀድሞ ጭስ ማውጫ ይታያል። ወዳጄ በአንዱ ሕንፃ ስምንተኛ ፎቅ ላይ ሆኖ የሌላ ሰው ሒሳብ ይመረምራል። አያቱ ሳይማሩ በእግራቸው የሚደርሱበት ቦታ፣ የልጅ ልጅየው ዲግሪ ይዞ በሁለት ባቡር ይደርሳል። ስለ ሙምባይ ብዙ መጽሐፍ አንብቤአለሁ፤ ነገር ግን እንደዚህች ቤተ ሰብ ታሪክ ከተማዋን ያስረዳኝ የለም።

ጠጋ ብሎ መከራየትን ያልሞከርነው አይምሰላችሁ። ደላላው የአንድ ወር ኪራይ ይወስዳል፤ ባለቤቱ የብዙ ወር መያዣ ይጠይቃል፤ ውሉም የ11 ወር ነው። ይህ ሁሉ ቢሟላ እንኳ ጥያቄ አለ። አግብተሃል? ሥጋ ትበላለህ? የቤተ ሰብህ ስም ማን ነው? ይህ የመጨረሻው ጥያቄ ሃይማኖትንም ዘርንም ባንድ ጊዜ ለማወቅ የሚጠየቅ ነው። ወንደላጤ ከሆንክ ቤቱ «ለባለ ትዳር ብቻ» ነው። የእኔን ፊት ሲያዩማ ቤቱ ሁልጊዜ ትናንት ተከራይቶ ይገኛል። ትዳር ለመያዝ ቤት ያስፈልጋል፤ ቤት ለማግኘት ደግሞ ትዳር!

የወዳጄ ነገር የተቆረጠውም በዚሁ ላይ ነው። ባለፈው ዓመት በትውልድ አውራጃው ያለ አንድ የማንጎ ማሸጊያ ፋብሪካ የሒሳብ ሹም ፈልጎ ጠራው። ደመወዙ ከሙምባዩ እኩሌታ ያነሰ ነው፤ ከወላጆቹ ቤት ግን በእግር ሩብ ሰዓት አይፈጅም። እናቱ በደስታ አለቀሰች። አባቱ ተቃወመ። በዚያ አገር የጋብቻ ጥያቄ የሚጀመረው «ባዮዳታ» በሚሉት ወረቀት ነው፤ ቁመት፣ ትምህርት፣ ደመወዝ፣ ሥራ ተጽፎበት ከፎቶግራፍ ጋር ይላካል። አባቱም «ከሙምባይ የተመለሰን ልጅ ባዮዳታ ማን ያነበዋል? ተሸንፎ መጣ ይሉታል» አለ። ይልቁንም በቪራር አንድ መኝታ ቤትና ማድ ቤት ያለው መኖሪያ በ20 ዓመት ብድር እንዲገዛ መከረው።

ወዳጄ ሒሳብ አዋቂ ስለሆነ አንድ እሑድ ቁጭ ብሎ አሰላው። በቀን 4 ሰዓት መንገድ፣ በወር 25 የሥራ ቀን፣ በዓመት 1,200 ሰዓት። በ20 ዓመት 24,000 ሰዓት ይመጣል፤ ይኸውም ቀንና ሌሊት ቢቆጠር 1,000 ቀን ነው። ብድሩን ከፍሎ ሲጨርስ ከዕድሜው ሁለት ዓመት ከዘጠኝ ወር ባቡር ላይ ቆሞ አሳልፏል ማለት ነው። ወረቀቱን አሳየኝና አጥፎ ኪሱ ከተተው። ምን ትመክረኛለህ አላለኝም፤ እኔም ወለዱን የማልከፍል ሰው ስለሆንኩ ዝም አልኩ። የዚያን ሰሞን ግን ካካ ካርታቸውን እያደሉ «ፋብሪካው ስንት ዓመቱ ነው?» ብለው ጠየቁት። «ሦስት» አለ። «የእኔ መሥሪያ ቤት ሠላሳ ስድስት ዓመት አበላኝ» አሉና ጨዋታው ቀጠለ። በወሩ መጨረሻ ውሉን ፈረመ።

አዲሱ ባዮዳታ «የራሱ ቤት፦ ቪራር» የሚል መሥመር ተጨምሮበት ተላከ። ምላሽ ከሰጡት መካከል አንዲት በአንዴሪ በባንክ የምትሠራ ልጅ ነበረች። ሁለቱ ቤተ ሰቦች ሲገናኙ ሽማግሌዎቹ ስለ ዘርና ስለ ሠርግ ወጪ ሲነጋገሩ እርሷ ቀና ብላ ሁለት ነገር ብቻ ጠየቀችው። አንደኛው «ካገባሁ በኋላ ሥራዬን አልተውም፤ ትስማማለህ?» የሚል ነው። ሁለተኛው «ቤትህ ከጣቢያው በእግር ስንት ደቂቃ ነው?»

«ዐሥራ ሁለት» አላት።

«በዝናብ ጊዜስ?»

ወዳጄ ይህን በስልክ ሲነግረኝ እየሳቀ ነበር። ዐሥራ ሁለቱ ደቂቃ የበጋ መሆኑን አልሸሸጋትም። የሠርጉ ቀን ገና አልተቆረጠም፤ የባንኩ ክፍያ ግን በየወሩ በአምስተኛው ቀን ነው።